በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት፦ ስለ ኤቺንግና ስለ ፍቅር ውጥረት የቀረበ ምላሽ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በታተሙ የኤቺንግ ሥዕሎች ላይ፣ ማለትም በመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌና በአሲድ ተሠርተው ወደ ወረቀት በሚታተሙ ሥዕሎች ላይ፣ ፍቅር እንዴት እንደተገለጠ የሚተነትን አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ አንባቢ ሲቀባበለው ሰንብቷል፤ ለእኔም ከሦስት ወዳጆቼ ደርሶኛል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተሰናዳ ነው፤ ስለ ሕትመት ጥበብ በቋንቋችን የሚጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑም ጸሐፊው ርእሱን ማንሣታቸው ብቻውን ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ የቆሙባቸው አራት ነጥቦች፣ በእኔ እምነት፣ አንባቢን ከሥዕሎቹ የሚያርቁ እንጂ የሚያቀርቡ አይደሉም። ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ በዝምታ ማለፍ ስላልሆነልኝ ይህን ምላሽ ጽፌአለሁ።

በቅድሚያ ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው የፍቅር ውጥረት የሚነበበው ከፊት ገጽታና ከእጅ እንቅስቃሴ ነው፤ ቅንብር፣ ማለትም ሰዎቹና ነገሮቹ በሥዕሉ ገጽ ላይ የተቀመጡበት ሥርዓት፣ ተዋንያን የሚቆሙበት መድረክ ከመሆን አያልፍም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ሰዎች በተቀራረቡ መጠን ውጥረቱ ይጨምራል፤ ርቀት የመቀዛቀዝ ምልክት ነው፤ የውጥረቱም ጫፍ መሳሳም ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ኤቺንግ ቀለም አልባ በመሆኑና አብዛኛውን ጊዜም የዘይት ቀለም ሥዕል ቅጂ በመሆኑ የፍቅርን ሙቀት ለማስተላለፍ አቅም ያንሰዋል ይላሉ። አራተኛ፣ ስለ ክፍተት፣ ስለ መስመርና ስለ ሚዛን የሚነገረው ሁሉ የዘመናችን ተንታኞች በኋላ ያመጡት ንባብ ነው፤ የዚያ ዘመን ተመልካች አርእስቱን አንብቦ ታሪኩን ይከተል ነበር እንጂ ቅንብር ብሎ ነገር አያሳስበውም ነበር ይላሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ላንሣ። ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጠቀሙበት «ውጥረት» የሚለው ቃል የመጣው «ወጠረ» ከሚለው ግሥ ነው። የክራር ጅማት ይወጠራል፤ የከበሮ ቆዳ ይወጠራል፤ ድንኳንም ይወጠራል። የሚወጠር ነገር ሁሉ ቢያንስ ሁለት ዳር ይፈልጋል፤ ሁለቱ ዳሮችም ተራርቀው መያዝ አለባቸው። የክራሩን ጅማት ሁለት ጫፎች ብናቀራርባቸው ጅማቱ ይረግባል፤ ድምፅም አይሰጥም። የፍቅር ውጥረትም በአንደኛው ፊት ወይም በሌላኛው እጅ ላይ ተለይቶ የሚገኝ ነገር ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው፤ በሥዕል ውስጥ ያንን መካከል የሚሠራው ደግሞ ቅንብር ነው። ከጸሐፊው ጋር የምለያየው በመሠረቱ በዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ነጥብ በአንድ ሥዕል እንፈትነው። ኖርዌያዊው ሠዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ በ1894 በርሊን ሳለ በመዳብ ሰሌዳ ላይ መሥራት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከሠራቸው መካከል «ሁለት ሰዎች፤ ብቸኞቹ» የተሰኘው ይገኛል። በቀጣዩ ዓመት የሥነ ጥበብ ተቺው ዩልዩስ ማየር ግሬፈ ባሳተመው የ8 ሕትመቶች ጥራዝ ውስጥም ተካቷል። በትክክል ስንናገር ሥራው ድራይፖይንት ነው፤ ማለትም አሲድ ሳይገባበት ሰሌዳው በቀጥታ በሹል መርፌ የተጫረ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ስልቶች በአንድ ስም ስለሚጠሩ እኔም ለዚህ ክርክር ያህል እከተላቸዋለሁ።

በሥዕሉ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በባሕር ዳርቻ ቆመዋል። የሴቲቱ ልብስ ነጭ ነው፣ ፀጉሯም በጀርባዋ ላይ ወርዷል፤ ወንዱ ጥቁር ለብሷል። ሁለቱም ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ባሕሩን ያያሉ። የሚነበብ ፊት የለም፤ ወደ ሌላው የሚዘረጋ እጅም የለም። በመካከላቸው ያለው ጥቂት የዳርቻ መሬትና ከዚያ ወዲያ የተንጣለለው ውኃ ብቻ ነው። ሆኖም ይህን ሥዕል አይቶ «እነዚህ ሰዎች ምንም አይደሉም» የሚል ተመልካች እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ዓይናችን ከነጩ ወደ ጥቁሩ፣ ከጥቁሩ ወደ ነጩ ይመላለሳል፤ በተመላለሰም ቁጥር ያቺን ክፍተት ይሻገራል። ውጥረት ከፊትና ከእጅ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥዕል በድን መሆን ነበረበት።

ሙንክ ራሱ የሥዕሉ ኃይል የት እንዳለ የሚያውቅ ይመስለኛል። ሐሳቡን መጀመሪያ በ1892 በዘይት ቀለም ሠራው፤ ያ ሥዕል በ1901 በባሕር ላይ ጠፋ። ከመዳቡ ሕትመት በኋላ በ1899 እንደገና በእንጨት ቅርጽ ሠራው፤ በዚህ ጊዜ ሰሌዳውን በመጋዝ ቆራርጦ ቁርጥራጮቹን ለየብቻ ቀለም እየቀባ መልሶ እየገጣጠመ አተመው። ስልቱ ሲለዋወጥ ቀለሙም ተለዋውጧል፤ ሁለት ጀርባና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን አልተነኩም።

ከዚህም የጠነከረ ማስረጃ አለ። የላይፕዚግ ተወላጁ ጀርመናዊ ሠዓሊ ማክስ ክሊንገር በ1881 «ጓንት» በሚል ስም ያወጣቸውን 10 ተከታታይ ሥዕሎች ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈዋቸዋል፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መቆም እፈልጋለሁ። ታሪኩ የሚጀምረው በርሊን ውስጥ በአንድ የሮለር ስኬቲንግ ሜዳ፣ ማለትም ሰዎች ባለ ጎማ ጫማ አድርገው በሚንሸራተቱበት ቦታ ነው። በሁለተኛው ሥዕል አንዲት ሴት ጓንቷ ወድቆባት እየተንሸራተተች ትሄዳለች፤ የምናየው ጀርባዋን ነው። አንድ ወጣት ጓንቱን ለማንሣት ጎንበስ ብሏል፤ ሲጎነበስም ባርኔጣው ከራሱ ላይ ወድቋል። ሁለቱ አይተያዩም፣ አይነካኩም። ታዲያ ውጥረቱ ከየት መጣ? ከሁለት የተለያዩ አቅጣጫዎች ነው፤ እርሷ ትርቃለች፣ እርሱ ወደ መሬት ይወርዳል። ጓንቱን ለማንሣት የሚፈጅበት ጊዜ እርሷ የምትርቅበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጓንቱን ሲያገኝ የጓንቱን ባለቤት ያጣል። ይህን የነገረን የማንም ፊት አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አካልና አጎንብሶ የቆመ አካል በአንድ ገጽ ላይ የተቀመጡበት ሁኔታ ነው።

ከዚህ በኋላ ሴቲቱ ከታሪኩ ትወጣለች ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ሥዕል ወጣቱ አልጋው ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል፤ ከሩቅ በተከፈተው የሕልም አገር ውስጥ አንዲት ትንሽ የሴት ምስል ትታያለች። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ጓንቱ ብቻ ነው፤ ማዕበል ይወስደዋል፣ በባሕር ፈረሶች በሚጎተት የዛጎል ሠረገላ ይሄዳል፣ ግዙፍ ሆኖም በእንቅልፍ ላይ ያለውን ወጣት ያስጨንቀዋል። በዘጠነኛው ሥዕል አንድ በራሪ አውሬ ጓንቱን በአፉ ይዞ በሌሊት ሲያመልጥ፣ ከተሰበረ የመስኮት መስታወት ውስጥ ሁለት ክንዶች ተወርውረው ይታያሉ። የክንዶቹን ባለቤት ፊት አናይም። ከጣቶቹ ጫፍ እስከ ጓንቱ ድረስ ያለውን ጨለማ ግን እንለካዋለን፤ ሳናስበው እንለካዋለን። ጸሐፊው «የተዘረጉት ክንዶች እኮ እንቅስቃሴ ናቸው» ቢሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን እነዚያኑ ክንዶች አንዲት መስመር ሳንለውጥባቸው ጓንቱን ወደ ጣቶቹ ብናስጠጋው ወጣቱ አስጣለ እንላለን፤ ወደ ገጹ ዳር ብንገፋው ደግሞ ተስፋው አከተመ እንላለን። እንቅስቃሴው ያው ሆኖ ስሜቱ ከተለወጠ፣ ስሜቱን የያዘው ቦታው ነው ማለት ነው።

በፊት ገጽታ የሚናገሩ የዘመኑ ሕትመቶች ብዙ መሆናቸውን አልክድም። ፊት አያስፈልግም ለማለት አልፈልግም፤ ፊት ሳይኖርም ውጥረቱ እንደሚኖር፣ ክፍተቱ ሲዛባ ግን እንደማይኖር ለማሳየት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም መቀራረብ ውጥረትን ይጨምራል የሚለው፣ ከአራቱ ይልቅ ብዙ አንባቢ የተቀበለው ነው፤ ሲሰሙት እውነት ይመስላልና። ፈረንሳዊው ጄምስ ቲሶ ከ1871 እስከ 1882 በለንደን ኖሯል። ሴንት ጆንስ ዉድ በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤቱ የአትክልት ስፍራ አንድ ኩሬና በኩሬው ዳር የቆመ የዓምዶች ረድፍ ነበር፤ ረድፉ በፓሪስ ሞንሶ መናፈሻ ያለውን አስመስሎ የተሠራ ነው። በ1876 በሠራው «የፍቅረኞች ጠብ» የተሰኘ ኤቺንግ ወንዱና ሴቲቱ በዚያ ቦታ ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንድ ዓምድ ገብቷል። ርቀታቸውን በክንድ ብንለካው እጅግ ቅርብ ናቸው። ዓምዱ ግን ገጹን ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ክፍል ሰጥቷቸዋል።

እኛ ለዚህ ሁኔታ ኩርፊያ የሚባል ቃል አለን። ኩርፊያ ያለ ፍቅር አይኖርም፤ ሰው የሚያኮርፈው እንዲያባብለው የሚጠብቀው ሰው ላይ ነው። የተኳረፉ ሰዎች አይሄዱም፤ እዚያው አካባቢ ይቆያሉ። የቲሶ ዓምድ የያዘው ይህንን ነው፤ ሁለቱ ተጣልተዋል፣ ነገር ግን አንዳቸውም ዓምዱን ትተው አልሄዱም። ዓምዱን በሐሳባችን ብናነሣው ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ይቀሩናል፤ ሥዕሉም የመናፈሻ ሥዕል ይሆናል። ቅርበቱ እንዳለ ነው፤ ውጥረቱ ግን ከዓምዱ ጋር ሄዷል።

ጸሐፊው የውጥረት ጫፍ አድርገው ያቀረቡት ሙንክ በ1895 የሠራውን «መሳሳም» የተሰኘውን ሕትመት ነው። ታላቅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ራቁታቸውን የቆሙ ወንድና ሴት በመስኮት ፊት ተቃቅፈዋል፤ ፊቶቻቸው እርስ በርስ ተዋሕደው የአንዱ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም። ይህንኑ ልብ ብለን ካየነው ግን በሁለቱ መካከል ውጥረት አልቀረም፤ መካከል ራሱ ጠፍቷልና። የሥዕሉ ጭንቀት ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ከኋላቸው መስኮቱ ክፍት ነው፣ መጋረጃው ተገልጧል፣ ከውጭ የቀን ብርሃን ይገባል። አሁን የተወጠረው በጥንዶቹና በዚያ መስኮት መካከል ያለው ነው። ክሊንገርም በ1887 ባወጣው «አንድ ፍቅር» በተሰኘ የ10 ሥዕሎች ተከታታይ ውስጥ ደስታ የሚለውን ሥዕል ያስቀመጠው አምስተኛ ላይ ነው፤ መጨረሻዎቹ ሁለቱ ኀፍረትና ሞት ናቸው። ከመሳሳሙ በኋላ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ታሪክ መሆኑን ሁለቱም ሠዓሊዎች የተረዱት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምለቀው ነገር አለ፤ ቅርበት ውጥረትን የሚያበረታበት ጊዜ አለ። ቲሶ በ1877 «በሁለቱ መካከል ልቤ ዋለለ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ኤቺንግ ሠርቷል። አንድ የስኮትላንድ ወታደር በጀልባ ላይ በሁለት ሴቶች መካከል ተቀምጧል፤ ጀልባዋ ጠባብ ናት፣ መሸሻ የለም። ወታደሩ ወደ አንደኛዋ ዞሯል፤ ሌላኛዋ ተትታለች። ቅርበቱ እዚህ በእርግጥ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ሦስተኛ ሰው ስላለች ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሠዓሊ ሬምብራንትም በ1643 በሠራው «ሦስቱ ዛፎች» ውስጥ ሁለት ፍቅረኞችን በቁጥቋጦ ጥላ ሸሽጓቸዋል፤ ሥዕሉን በጥሞና ያልመረመረ አያገኛቸውም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኤቺንግ ሠዓሊዎች እንደ መምህር የሚያዩት እርሱን ነበርና ምሳሌው ከርእሳችን አይርቅም። እነዚያ ፍቅረኞች እርስ በርስ ተጠግተዋል፤ ልብ የሚያንጠለጥለው ግን ከሰፊው ሜዳና ሜዳው ላይ ካሉት ሰዎች ዓይን መሸሸጋቸው ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው። በዚያ ክፍለ ዘመን ከታተሙት ኤቺንጎች ብዙዎቹ የታወቁ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ቅጂዎች ነበሩ፤ ቲሶም የራሱን ሥዕሎች ደጋግሞ ወደ መዳብ አዛውሯል። ነገር ግን በ1862 በፓሪስ በአሳታሚው አልፍሬድ ካዳር ዙሪያ የተቋቋመው የኤቺንግ ሠዓሊዎች ማኅበር የተነሣው ኤቺንግ ከቅጂነት ወጥቶ ሠዓሊው በቀጥታ የሚናገርበት እንዲሆን ነው። ክሊንገር ደግሞ በ1891 ስለ ሥዕልና ስለ ንድፍ ባሳተመው ድርሰት፣ በጥቁርና በነጭ የሚሠራ ጥበብ የቀለም ሥዕል ሊሸከመው የማይችለውን ነገር ለመናገር ነጻነት እንዳለው ተከራክሯል። ስለዚህ የቀለም አለመኖር ጉድለት ነው የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜም መልስ ተሰጥቶበታል።

የእኔ መልስ ግን ከእጅ ሥራ የመጣ ነው። ኤቺንግ ሲሠራ የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ በሰም ይሸፈናል፤ ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይስላል፤ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲነከር አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። ከዚያ ሰሙ ይነሣል፣ ሰሌዳው ቀለም ይቀባል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ በመስመሮቹ ውስጥ የቀረው ቀለም በማተሚያ ኃይል ወደ ረጠበ ወረቀት ይሻገራል። በተማሪነቴ ካተምኳቸው የመጀመሪያ ሰሌዳዎች አንዱ በአንድ አግዳሚ ወንበር ሁለት ጫፍ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩበት። በደንብ ስላልጠረግሁት በመካከላቸው ስስ የቀለም ብናኝ ቀርቶ ነበር፤ ሲታተም ያ ቦታ ግራጫ ሆነ፤ ሰዎቹም በአንድ ምሽት ውስጥ አብረው የተቀመጡ መሰሉ። መምህሬ ምንም ሳይናገር ሰሌዳውን እንደገና ቀለም ቀብቶ፣ መዳፉን ኖራ በመሰለ ነጭ ዱቄት አሽቶ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ብቻ ደጋግሞ ጠረገው። ሁለተኛው ወረቀት ሲገለጥ ክፍተቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ሁለቱ ሰዎችም ተለያዩ። አንዲት መስመር አልተጨመረም፣ አንዲት መስመር አልተነሣም።

በዘይት ቀለም ሠዓሊው ክፍተቱን በአንድ ነገር መሙላት አለበት፤ በግድግዳ፣ በሰማይ፣ በሣር። በኤቺንግ ግን ክፍተቱ እጅ ያልነካው ወረቀት ሊሆን ይችላል። በሁለት ሰዎች መካከል ያልተባለውን፣ ያልተደረገውን፣ የተፈራውን ለማሳየት ካልተነካ ወረቀት የተሻለ ምን ይገኛል? ጸሐፊው ድህነት ያሉት ለእኔ የስልቱ ዋና ሀብት ይመስለኛል።

አራተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። አርእስት ንባብን እንደሚመራ እስማማለሁ፤ የወታደሩና የሁለቱ ሴቶች ኤቺንግ ያለ አርእስቱ ግማሽ ጨዋታው ይጎድልበታል። የዘመኑ ተመልካች ቅንብርን አያነብም ነበር የሚለው ግን በዚያው ሥዕል ታሪክ ይፈርሳል። ቲሶ በ1876 በለንደን ሮያል አካዳሚ «ቴምስ» የተሰኘ የዘይት ቀለም ሥዕል አሳይቶ ነበር፤ በጀልባ ላይ አንድ የባሕር ኃይል ሰውና ሁለት ሴቶች ተዝናንተው ተቀምጠዋል። አርእስቱ የወንዝ ስም ነው፤ የፍቅር ታሪክ አይነግርም። በሥዕሉ ላይ የሚሳሳምም የሚተቃቀፍም የለም። ሆኖም ተቺዎች ጨዋነት የጎደለው ነው ብለው ነቀፉት። ያዩት የሦስቱን አቀማመጥ ነው፤ ወንዱ አንድ፣ ሴቶቹ ሁለት፣ የሚጠብቃቸው ትልቅ ሰው የለም፣ የሻምፓኝ ጠርሙሶች አሉ፣ ማን የማን እንደሆነች አይታወቅም። በቀጣዩ ዓመት ቲሶ እንደገና ሦስት ሰዎችን፣ ማለትም አንድ ወንድና ሁለት ሴቶችን፣ በሌላ ጀልባ ላይ አስተካክሎ ወንዱን፣ አሁን ወታደሩን፣ በመካከል አስቀመጠው፤ ኤቺንጉም የተወለደው ከዚያ ነው። ተመልካቹ ቅንብር የማያነብ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተቆጣም ነበር።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ጸሐፊው በመዝጊያቸው የክሊንገር «ጓንት» በፍቅር ድል እንደተፈጸመ ጽፈዋል፤ ማስረጃቸውም በአሥረኛው ሥዕል ላይ የፍቅር አምላክ የሆነው ሕፃን ከጓንቱ አጠገብ መቀመጡ ነው። ሥዕሉን እንደገና እንዲያዩት በአክብሮት እጠይቃለሁ። አውሬው የለም፣ ማዕበሉ የለም፣ የተወረወሩት ክንዶች የሉም፤ ጽጌረዳ፣ ሕፃኑና ጓንቱ በጸጥታ አንድ ላይ ናቸው። በዘጠነኛው ሥዕል ዓይናችን የለካው ያ ጨለማ እዚህ የለም፤ ተጠጋግተው የተቀመጡ ነገሮች ብቻ አሉ። ወጣቱ በገጹ ላይ የለም። በሮለር ስኬቲንግ ሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ የሄደችውም አልተመለሰችም።